የስፐር ትሪ ዳገት፦ ጃማይካን በሰው መኪና መስታወት

የላኮቪያ_ልጅ | ኅዳር 6 ቀን 2018፣ ምሽት 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የጉዞ ክፍል ውስጥ የለጠፍኩት ሌላ ቦታ ስላጣሁለት ነው። ቦታው ካልሆነ አንሱት፣ አልቀየምም።

ሰሞኑን ሱስ ይዞኛል። ሰው መኪና ሲነዳ ማየት። አዎ፣ በቃ ሲነዳ። አንድ ጃማይካዊ ካሜራውን ዳሽቦርዱ ላይ ይለጥፍና ከብላክ ሪቨር ተነስቶ ኪንግስተን ይገባል። አያወራም። ፊቱ አይታይም። ሙዚቃም አይከፍትም። የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ፣ የፍሬቻው ጠቅ ጠቅ፣ አንዳንዴ ደግሞ በመስኮት የሚገባ የዶሮ ጩኸት ነው። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ቪዲዮ ነው። እስካሁን አራት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ለማታውቁኝ፣ የተወለድኩት ጃማይካ ነው። ሴንት ኤሊዛቤት ፓሪሽ ውስጥ፣ ላኮቪያ የምትባል መንገድ ዳር የተዘረጋች ትንሽዬ ከተማ። (ጃማይካ 14 ፓሪሽ አላት። አውራጃ በሉት።) እናትና አባቴ ራስታ ናቸው። መስከረም 1989 ዓ.ም. ጓዛችንን ጠቅልለን ሻሸመኔ ገባን። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አማርኛ የለመድኩት ከጎረቤት ልጆች ጋር ብይ ስጫወት ነው። መጀመሪያ የያዝኩት ስድቡን ነው፣ እንደማንኛውም ሰው። ዛሬ ሀዋሳ ነው የምኖረው፣ ህልሜም በአማርኛ ነው።

የጃማይካ ትዝታዬ አልቋል ብዬ ነበር የማስበው። የቀሩኝ አምስት ስድስት ፎቶዎች ናቸው። ፎቶ ደግሞ ሲደጋገም ያልቃል። የማስታውሰው ልጅነቴን ይሁን ፎቶውን መለየት ካቃተኝ ቆይቷል።

ቪዲዮው ግን ሌላ ነው። ሰውዬው ገና ሚድል ኳርተርስ ሳይደርስ አፌ ምራቅ ሞላ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ከዛ መታጠፊያውን ዞር ሲል ሴቶቹ ታዩ። በላስቲክ ያሰሩትን ቀይ ሽሪምፕ ከፍ አድርገው ወደ መኪናው የሚጠጉት። የወንዝ ሽሪምፕ ነው፣ በጨውና በሚያቃጥል ቃሪያ የተቀቀለ። ከነቅርፊቱ ትመጠዋለህ፣ ከንፈርህ እስኪያብጥ። ምላሴ ከዓይኔ ቀድሞ አወቀው።

ቀጥሎ የቀርከሃው መንገድ። አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ግራና ቀኝ ቀርከሃ ነው፣ አናቱ ተቃቅፎ ጣራ የሰራ። የሆላንድ ስኳር እርሻ ጌቶች ያስተከሉት ነው። ልጅ ሆኜ እዛ ስንገባ ትንፋሼን እይዝ ነበር። እስከ ጫፍ ለመድረስ። አንድም ቀን አልደረስኩም። ባለፈው ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ለካ ትንፋሼን ይዣለሁ። ባሌ "ምን ሆንሽ?" ብሎ ተነሳ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። አባቴ ሚኒባስ ይነዳ ነበር፣ ከሳንታ ክሩዝ ኪንግስተን። ትምህርት ሲዘጋ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ከሳንታ ክሩዝ ወደ ማንዴቪል ስትሄድ ስፐር ትሪ የሚባል ዳገት አለ። ከዳገቱ ስር ጋተርስ የምትባል ቦታ አለች። እዛ አንድ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ሱቅ ነበር። አባቴ ሲያቆም ረዳቱ ይወርድና አስፋልቱን በሩጫ ተሻግሮ ግሬተር ኬክ ይገዛልኛል። ኮኮናትና ስኳር ነው፣ ታቹ ነጭ፣ ላዩ ሮዝ። ሮዙን መጨረሻ ነበር የምበላው።

ሱቁ ወደ ማንዴቪል ስንወጣ በግራ በኩል ነው። እንደ ስሜ ነው የማውቀው። ቪዲዮው ላይ ግን በቀኝ ነው! ሰማያዊው ቀለም ለቋል እንጂ እሱው ራሱ ነው። ሰውዬው እየሄደ ያለው ልክ እኛ በምንሄድበት አቅጣጫ ነው። አንድ ሰው ያብራራልኝ። ይሄን ከተሳሳትኩ የቀረውን ትዝታዬን በምን አምነዋለሁ?

---

ዳታዬ_አለቀ | ኅዳር 6፣ ምሽት 3፡58

ሦስት ሰዓት? ሰው ሲነዳ? አራት ጊዜ? እህቴ፣ ዳታ ከየት ነው የምታመጪው? እኔ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ከፍቼ የቀረኝን ብር ነው የማየው።

---

የላኮቪያ_ልጅ | ምሽት 4፡02

ጥራቱን እስከመጨረሻው አወርደዋለሁ 😂 ሰው እንደ ድንች ነው የሚታየኝ። መንገዱ ግን ይታወቃል።

---

ቶሮንቶ_ብርድ | ኅዳር 7፣ ጠዋት 12፡15

ቪዲዮው ተገልብጦ ይሆናል። አንዳንዱ የሰው ቪዲዮ ሰርቆ ሲለጥፍ እንዳይያዝ ግራውን ቀኝ ያደርገዋል።

እግረ መንገዴን ግን፣ እኔ ያለሁት ቶሮንቶ ኤግሊንተን ዌስት አካባቢ ነው፣ ሊትል ጃማይካ የሚሉት። ፀጉር ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑ ላይ ሁሌ ይሄው ነው፣ የሆነ ሰው የሆነ ጠመዝማዛ መንገድ ይነዳል። ሽማግሌዎቹ ወንበራቸው ላይ ሆነው ይጨቃጨቃሉ። "እዚህ ጋ ማንጎ ነበረ፣ ማን ቆረጠው?" ቆራጩ ከነሱ አንዱ የሆነ ይመስል። እኔ እስካሁን የማስታወቂያ መሙያ ይመስለኝ ነበር።

---

የላኮቪያ_ልጅ | ጠዋት 1፡30

አልተገለበጠም፣ አይቼዋለሁ። ታፔላዎቹ በትክክል ይነበባሉ። መኪናውም በግራ ነው የሚሄደው፣ ጃማይካ በግራ ነው የሚነዳው። ቢገለበጥ እንደኛ በቀኝ በሄደ ነበር።

ግራ ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሻሸመኔ በገባን በሳምንቱ አስፋልት ልሻገር ስል የማየው ወደተሳሳተው አቅጣጫ ነበር። አንድ ጋሪ ሊጨፈልቀኝ ሲል አንዲት ሽንኩርት ሻጭ እናት በቀሚሴ ጎትተው አዳኑኝ። መጀመሪያ በጥፊ፣ ቀጥሎ በሙዝ። እናቴ ይሄን ስትሰማ "አሁን ሀገራችን ገባን" አለች።

---

ምን_አገባኝ | ጠዋት 2፡10

ይቅርታና፣ እናንተ "ሀገራችን ኢትዮጵያ ናት" ብላችሁ አይደል የመጣችሁት? አሁን ደግሞ ጃማይካ ናፈቀኝ። አንዱን ምረጡ።

---

የላኮቪያ_ልጅ | ጠዋት 3፡05

ይሄን ከአባቴ ስለሰማሁት አልከፋኝም። ቃል በቃል ማለት ይቻላል።

አባቴ 29 ዓመት ሙሉ ስለ ጃማይካ ክፉም ደግም አውርቶ አያውቅም። ለሱ ጃማይካ ማለት ቅድመ አያቶቹን በሰንሰለት አስረው ያራገፉበት ደሴት ነው። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ጃንሆይ ኪንግስተን ሲወርዱ አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ አውሮፕላን ማረፊያው ነበር። በዝናብ። ሕዝቡ አስፋልቱን ጥሶ አውሮፕላኑ ስር ገባ። ጃንሆይ በሩ ላይ ብቅ ብለው ሕዝቡን ሲያዩ ወዲያው መውረድ አልቻሉም። እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር። የዛን ቀን ነው የወሰነው። ሠላሳ ዓመት ፈጀበት እንጂ መጣ።

የመጣንበት መሬት ደግሞ የሰማችሁት ነው፣ ጃንሆይ በ1940 ዓ.ም. ለዓለም ጥቁር ሕዝብ የሰጡት አምስት ጋሻ። ደርግ በ1967 ሲወርስ አብዛኛው ሄደ። እኛ ስንደርስ የቀረው የመቆያ ፈቃድ ጣጣ ነበር። መታወቂያ መስጠት የተጀመረው በ2009 ነው። አባቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ሀገሬ በሚለው ሀገር ላይ ወረቀት አልነበረውም። አንድ ቀን አማርሮ ሰምቼው አላውቅም። ስለዚህ "ሀገሬ ይሄ ነው" ሲል የገዛበትን ዋጋ አውቃለሁ።

እኔ ግን አልመረጥኩም። እሱ ወደ ቤቱ ሲመለስ እኔ ከቤቴ ወጣሁ። ሁለታችንም በአንድ አውሮፕላን። ቪዲዮውን እነሱ ቤት ስሆን በጆሮ ማዳመጫ ነው የማየው፣ ስልኬን ወደ ግድግዳ አዙሬ። የ38 ዓመት ሴት ነኝ።

---

መልካ_ኦዳ | ጠዋት 4፡20

አንቺ ማን እንደሆንሽ ያወቅኩ መሰለኝ፣ ግን ዝም ብያለሁ 😄

እኔ ሻሸመኔ ነው የተወለድኩት፣ እናቴ ትሪኒዳዳዊት ናት። ካሪቢያንን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ግን እናቴ ከማራቫል ወደ ማራካስ የባህር ዳርቻ የሚወስደውን መንገድ ቪዲዮ ከፍታ እንጀራ ትጋግራለች። ያንን መንገድ አሜሪካኖች ናቸው የሰሩት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1944 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ቻጓራማስን ለጦር ሰፈር ወስደው ሕዝቡን ከሚዋኝበት ባህር ስላባረሩት ካሳ ነው። ይሄን ሁሉ የማውቀው እናቴ መንገዱ በታየ ቁጥር ስለምትደግመው ነው።

አናቱ ላይ መኪና የሚቆምበት ቦታ አለ፣ ጥሬ ማንጎ በቃሪያና በጨው ይሸጣል። ነጂው ሳያቆም ካለፈ እናቴ ስልኩን ትሰድበዋለች። "እንዴት ያልፋል? ማን ነው ያሳደገው?" እንጀራው ያርራል።

የሚገርመው ግን እኔም መታጠፊያዎቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ነገ ብሄድ የምጠፋ አይመስለኝም። ያላየሁት ሀገር ይናፍቀኛል ብል ሰው ይስቅብኛል ብዬ እስካሁን አልተናገርኩም ነበር።

---

የሄሮና_ተማሪ | ኅዳር 7፣ ቀን 8፡45

ልጆች፣ እኔም ካሪቢያን አለኝ። ጃማይካ ሳይሆን ከሱ በስተሰሜን፣ ኩባ። በተለይ ደግሞ ከኩባ በስተደቡብ ያለችው የወጣቶች ደሴት። በ1971 ዓ.ም. አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ነው የሄድኩት። የሶማሊያ ጦርነት አባቴን ከበላው በኋላ። እንደኔ ያሉ ልጆች በሺዎች ነበርን። "የካራማራ ልጆች" ነው ያሉን።

ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን ቶሮንሃ ለቀማ። ቶሮንሃ ማለት ከብርቱካን የሚተልቅ፣ መራራ የሚመስል ነገር ነው። መጀመሪያ የቀመስን ቀን ሁላችንም ተፋነው፣ መርዝ ነው ብለን። በዓመቱ እየሰረቅን ነበር የምንበላው። ከደሴቱ ወደ ትልቁ ኩባ የምንሻገረው በባታባኖ ወደብ በኩል ነው። ከኛ ትምህርት ቤት ወዲያ የሞዛምቢክ፣ የአንጎላ፣ የናሚቢያ ልጆች ነበሩ። በስፓኒሽ እንጣላለን፣ በስፓኒሽ እንታረቃለን። ማታ ማታ ግን ትንንሾቹ በአማርኛ ነበር የሚያለቅሱት።

ያንን ደሴት አንድ ሰው በሞተር ሳይክል እየዞረ የቀረፀውን ልጄ አገኘችልኝ። ከኑዌቫ ሄሮና ወደ ቢቢሃጓ፣ ጥቁር አሸዋ ወዳለው የባህር ዳርቻ። በመንገድ ላይ ክቡ እስር ቤት አለ፣ ፊደል ካስትሮ ከ1953 እስከ 1955 እ.ኤ.አ. የታሰረበት። እሁድ እሁድ በሰልፍ ያስጎበኙን ነበር። ሁሉም እንዳለ ነው። መንገዱ ቀጥ ብሎ እንደተሰመረ ነው። ከዛ የኛን የመሰለ አንድ ትምህርት ቤት አለፈ። መስኮት የለውም። በረንዳው ላይ የሰው ልብስ ተሰጥቷል። ዙሪያውን ቶሮንሃ ዛፍ አንድ እንኳን አልታየኝም፣ ቁጥቋጦ ብቻ።

ልጄ "አባዬ፣ ደስ አለህ?" አለችኝ። ደስ ብሎኛል አልኳት። ሁለተኛ ግን አልከፈትኩትም። እዛ ደሴት ላይ የነበረው ነገር ልጆች ነበር፣ የትም ብትዞር ልጅ። ቪዲዮው ውስጥ አንድ ልጅ የለም። ለላኮቪያ ልጅ ግን አትይ አልልም። የያንዳንዱ ሆድ ለየብቻ ነው።

---

ቶሮንቶ_ብርድ | ቀን 9፡10

ጋሼ፣ ይሄን ለብቻው ክር አድርገው ይክፈቱልን እባክዎ። "በአማርኛ ነበር የሚያለቅሱት" የሚለው ላይ ቆሜያለሁ።

---

የሄሮና_ተማሪ | ቀን 9፡25

እጽፋለሁ። ዓይኔ ነው የሚያስቸግረኝ።

---

ከባድ_መኪና | ኅዳር 7፣ ምሽት 1፡50

እኔ ሹፌር ነኝ፣ ጂቡቲ መስመር። ከዚህ በፊት ጎንደር ሽሬ ላይም ሰርቻለሁ፣ ሊማሊሞን እንደ ጓሮዬ ነው የማውቀው። ስለ ትዝታ አላውቅም፣ ስለ መንገድ ግን ጠይቁኝ። ቪዲዮውን ፈልጌ አገኘሁት፣ ያ ዳገት የደረሰበትን ብቻ አየሁ።

ሰውዬው ጎበዝ ነው። ድምፁን ስሙት፣ ሳይጨናነቅ ቀድሞ ነው ማርሽ የሚቀንሰው። ዳገቱ እንደ ሊማሊሞ ባይሆንም ቀላል አይደለም። ከባዶቹ ሲወርዱ ፍሬን ላይ እንዳልተኙ ያስታውቃሉ፣ በማርሽ ነው የሚወርዱት። ደህና ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ሱቅሽ። እህቴ፣ አንድ ነገር አልገጠመልኝም። በግራ የሚነዳ ሀገር ሚኒባስ በሩ በግራ ነው። ሱቁም በግራ ከነበረ ረዳቱ ዘሎ ሲወርድ ሱቁ በር ላይ ነው የሚያርፈው። አንቺ ግን "አስፋልቱን በሩጫ ተሻግሮ" ብለሻል። ምን ሊሻገር? የተሻገረው ሱቁ በቀኝ ስለሆነ ነው። ቪዲዮው ትክክል ነው። ትዝታሽም ግማሹ ትክክል ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ። የት ነበር የምትቀመጪው?

---

ዳታዬ_አለቀ | ምሽት 1፡58

ምርመራ ውስጥ ገባን እንዴ 😂 ሹፌሩን ፖሊስ ይቅጠረው።

---

የላኮቪያ_ልጅ | ምሽት 2፡30

ቆይ... እውነትህን ነው። መሻገሩን በደንብ አስታውሳለሁ። አንዴ ነጠላ ጫማው አስፋልት ላይ ቀርቶ ተመልሶ ሲያነሳ መኪና ክላክስ አድርጎበታል።

የት እንደምቀመጥ ግን... ከፊት ነው፣ ከአባቴ አጠገብ። ክንዱ ይታየኛል። መስኮት ግን አይታየኝም። የሚታየኝ ሰው ነው። ቅርጫት የያዙ ሴቶች። አንድ ሽማግሌ ዶሮ ጭኑ ላይ አድርገው። እንዴት ሆኖ ነው ከፊት ተቀምጬ ተሳፋሪ የማየው?

---

ከባድ_መኪና | ምሽት 2፡41

አባትሽን ጠይቂ።

---

የላኮቪያ_ልጅ | ምሽት 2፡44

ቀላል አደረግከው።

---

የላኮቪያ_ልጅ | ኅዳር 8፣ ለሊት 7፡15

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከመጠየቄ በፊት ያልጻፍኩትን ልጻፍ።

ይሄ ሱስ የጀመረኝ ጥቅምት 18 ነው። ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ ጃማይካን የመታ ቀን። ምድብ አምስት ነበር፣ በሰዓት ወደ 295 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ። ወደ ምድር የገባው በዌስትሞርላንድ በኩል ነው። የኛ ፓሪሽ ጎረቤት። ብላክ ሪቨር፣ ቪዲዮው የሚነሳባት ከተማ፣ ክፉኛ ከተመቱት አንዷ ናት። የእናቴ እህት የምትኖረው እዛው ዳርቻ ላይ ነው። ስልክ የለም። መብራት የለም። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ስድስት ቀን።

እናቴ ማልቀስ የማትወድ ሴት ናት። በሦስተኛው ቀን "እስቲ መንገዱን አሳዪኝ" አለችኝ። ዜና መስሎኝ ነበር። እሷ የፈለገችው ከአውሎ ነፋሱ በፊት ያለውን ነው። እንዲህ ነው ይሄን ቪዲዮ ያገኘሁት፣ ከአራት ዓመት በፊት የተቀረፀ። አዳዲሶቹ አልሆኑልኝም፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ከሜይ ፔን እስከ ዊሊያምስፊልድ በተከፈተው የክፍያ መንገድ ነው የሚሄዱት። ሜልሮዝን ሳያዩ፣ የተጠበሰ ቦዬና ጨው ዓሣ የሚሸጡትን ሳያዩ፣ ፖረስ ላይ ብርቱካን በመረብ ያንጠለጠሉትን ሳያዩ ሽው ነው።

የአክስቴ ቤት የሚታየው ለሁለት ሰከንድ ነው። እናቴ "አቁሚው" አለችኝ። ቀይ ጣራ፣ በረንዳው ላይ ወንበር። ጣቷን ጣራው ላይ አድርጋ ቆየች። ስክሪኑ ሲጠፋ እንደገና እያበራሁላት።

በዘጠነኛው ቀን አክስቴ ደወለች። ደህና ናት። ጣራው የለም። "ወንበሩስ?" አለቻት እናቴ። ወንበሩ ተርፏል። ሁለቱም ሳቁ። ከዛ እናቴ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች።

አባቴ ይሄ ሁሉ ሲሆን ግቢው ውስጥ ቡናውን ሲኮተኩት ነበር። ምንም አላለም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ኮተኮተ። ያ ቡና እንደዛ ተኮትኩቶ አያውቅም።

---

መልካ_ኦዳ | ኅዳር 8፣ ጠዋት 1፡20

እናትሽን ሳሚልኝ። ጋሼንም፣ ከፈቀዱ።

---

ምን_አገባኝ | ጠዋት 2፡02

ትናንት የጻፍኩትን አነሳለሁ። አክስትሽ እንኳን ተረፉ። ቤታቸው እንደገና እየተሰራ ነው?

---

የላኮቪያ_ልጅ | ጠዋት 2፡15

ምንም አይደል ወንድሜ። ሸራ ወጥረውላታል። ቆርቆሮ ፍለጋ ላይ ናቸው፣ ዘመድ ተሰባስቦ እየላከ ነው።

---

የላኮቪያ_ልጅ | ኅዳር 9፣ ምሽት 4፡30

ከባድ መኪና፣ እዳ አለብህ። ወይም አለብኝ።

ዛሬ እነሱ ጋ ዋልኩ። ከምሳ በኋላ አባቴ ጥላ ስር ተቀምጦ ሳለ እንደ ዋዛ ጠየቅኩት። በፓቶዋ፣ በጃማይካውያን አፍ፣ ነው ቤት የምናወራው፣ እዚህ ወደ አማርኛ እየመለስኩት ነው። "ዳዲ፣ ሚኒባሱ ውስጥ የት ነበር የምቀመጠው?" አልኩት። ቀና አላለም። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ይሄኔ ተውኩት ብዬ ልነሳ ስል "ሞተሩ ላይ" አለኝ።

ለካ ሞተሩ ከፊት ነው፣ በሁለቱ ወንበሮች መካከል፣ ክዳኑ ላይ ፍራሽ ነገር አንጥፎበት። እዛ ነበር የሚያስቀምጠኝ። መጀመሪያ ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጎ። "ስፐር ትሪ ላይ ገደሉን ስታዪ ትጮሂ ነበር። ተሳፋሪ ታስደነግጪብኛለሽ። ስለዚህ አዞርኩሽ።"

አዞረኝ! ጀርባዬ ወደ መንገዱ፣ ፊቴ ወደ ተሳፋሪው። መንገዱን ያየሁት በኋላ መስኮት ነው። ቀኝ የሆነው ሁሉ ለኔ ግራ ነው። ያ ሱቅ፣ ቀርከሃው፣ የሚሸሸው የሳንታ ክሩዝ ሜዳ፣ ሁሉም ከኔ እየራቀ ሲሄድ ነው ያየሁት። መንገዱ ወደኔ ሲመጣ ያየሁት በዚህ ቪዲዮ የመጀመሪያዬ ነው ማለት ነው። ይሄን ቁጭ ብዬ ሳስበው ራሴን አዞረኝ፣ እውነቴን ነው።

ከዛ የማልጠብቀው ነገር ሆነ። "ምን አስጠየቀሽ?" አለኝ። መዋሸት አልቻልኩም፣ ስልኩን ሰጠሁት። ጋተርስ ላይ ነበር የቆመው። መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። አጫውቺው አለኝ።

እንደምታስቡት አይደለም። ዕንባ የለም፣ ትዝታ የለም። መተቸት ጀመረ! "ክላክስ አላደረገም። እዚህ መታጠፊያ ላይ ሁለቴ ክላክስ ነው የሚደረገው። ማን ነው መንጃ ፈቃድ የሰጠው?" ትንሽ ቆይቶ "ይሄ ቀዳሚ ደሞ የት ሊደርስ ነው?" እዛ ሀገር መንገድ ዳር የሚተከል ታፔላ አለ፣ ወደኛ ስንመልሰው "ቀዳሚን አጥብቆ የሚወደው ቀባሪ ነው" እንደማለት ነው። እሱን በእንግሊዝኛ አነበነበው፣ ለራሱ። ከዳገቱ ወገብ ላይ ወደ ኋላ ሜዳው ሲታይ ዝም አለ። በስተደቡብ ናይን ላይ የአሉሚናው ፋብሪካ ይታያል፣ ቀዩ አፈር ይታያል። ጣቱ መሪ የያዘ ይመስል ጉልበቱ ላይ ነበር። ግራ እጁ ማርሽ ሊቀይር ተንቀሳቀሰ። አየሁት። እኔ ያየሁትን ደግሞ እሱ አላየም።

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። በዓይኗ ዝም በይ አለችኝ።

ገና ዳገቱን ሳይጨርስ መብራት ጠፋ። ዋይፋዩም ሄደ። ያ ክብ ነገር መዞር ጀመረ። አባቴ ስልኩን መለሰልኝና ወደ ቡናው ሄደ። ምንም አላለም። እኔም ሀዋሳ ተመለስኩ።

---

የሄሮና_ተማሪ | ኅዳር 9፣ ምሽት 5፡05

አንቺ ልጅ፣ ዛሬ እኔም ያን ሞተር ሳይክል ልከፍተው ነው መሰለኝ። ድምፁን አጥፍቼ።

---

ዳታዬ_አለቀ | ምሽት 5፡11

እኔ ጥቅል ገዝቼ ማንዴቪል ድረስ አየሁት። የራሴን ብር ነው ያወጣሁት። ማንም እንዳይስቅ።

---

የላኮቪያ_ልጅ | ኅዳር 10፣ ጠዋት 1፡50

አሁን አባቴ ደወለ። በሕይወቴ ጠዋት ደውሎልኝ አያውቅም፣ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር። ሰላምታም የለም።

"ያ ሰውዬ ማንዴቪል ደረሰ?"

---

ከባድ_መኪና | ጠዋት 1፡57

በሁለተኛ ማርሽ ከሆነ የወጣው ገና ነው በይልኝ ለጋሼ።